የአውራጃ ፍርድ ቤት፦ ስሙ፣ ደረጃውና የዳኝነት ሥልጣኑ በሕግ አማርኛ ታሪክ

በቆየ የፍርድ መዝገብ ላይ «የአውራጃ ግዛት ፍርድ ቤት» የሚል ማኅተም ያገኘ ተርጓሚ፣ ስሙን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲያሻግር ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጡ አይቀርም። አንደኛው መንገድ «አውራጃ» የሚለውን ቃል በዚያ ቋንቋ በሚመስለው የአስተዳደር ክፍል ስም መተካት ነው። ሁለተኛው ቃሉን እንዳለ ትቶ በሚጽፍበት ፊደል ማስፈር ነው። ምርጫው የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ ነበር። ነገር ግን መዝገቡ የውርስ፣ የጋብቻ ወይም የልጅነት ፍርድ የያዘ እንደ ሆነ፣ ትርጕሙ የሚቀርበው ለባዕድ አገር ዳኛ ወይም ለዛሬ ሹም ነው። እርሱም ከስሙ ተነሥቶ ፍርዱን የሰጠው ማን እንደ ነበረ፣ ለመስጠትም ሥልጣን ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ ይግባኙስ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ ይገምታል። ስሙ ከተሳሳተ ሦስቱም ይሳሳታሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ከመናገሻው ከተማ ውጭ የመጀመሪያውን ክርክር የሚሰሙት ፍርድ ቤቶች ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ የተጠሩባቸውን ስሞች፣ ከእነርሱም ጋር «ሥልጣን» የሚለው ቃል በሕግ አማርኛ ውስጥ የተጓዘበትን መንገድ ነው። ዘመናቱ በልዩ ካላመለከትን በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የፍርድ ቤቶቻችንን ስም የመረመረ ሰው ሁለት ዓይነት አሰያየም ጎን ለጎን እንደሚኖር ያስተውላል። አንዳንዶቹ የተሰየሙት ፍርድ ቤቱ በቆመበት መሬት ነው፤ አጥቢያ፣ ወረዳ፣ አውራጃ፣ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም ዞንና ክልል ከዚህ ወገን ናቸው። ሌሎቹ የተሰየሙት በማዕርግ ነው፤ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ፣ የመጀመሪያ ደረጃ የሚሉት ከዚህኛው ወገን ይቈጠራሉ። የመሬት ስም አስተዳደሩ በተለወጠ ቍጥር ይለወጣል ወይም ትርጕሙን ይቀይራል። የማዕርግ ስም ግን አስተዳደሩ ቢለዋወጥም ይሰነብታል። የምንነጋገርበት ችግር ሁሉ የሚመነጨው ሁለቱን ከማደባለቅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከ1934 በፊት የነበረው ዳኝነት በሕንፃ ወይም በደረጃ ስም የሚጠራ አልነበረም፤ የሚጠራው በሰውና በመቀመጫው ነበር። «ወንበር»፣ «አፈ ንጉሥ»፣ «ምስለኔ»፣ «ጭቃ ሹም» የሚሉት ስሞች ዳኝነቱን ከሹመቱ ሳይለዩ ይናገራሉ። ባለ ጉልት በጉልቱ ላይ ግብር እንደሚቀበል ሁሉ ዳኝነትም ነበረው፤ ግዛቱና ዳኝነቱ አንድ ነገር ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱ ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ መሰጠቱም ይህንኑ የቆየ ሥርዓት በአዲስ ስም ያስቀጠለ ነበር። የመጨረሻው ዳኝነት የንጉሡ ዙፋን ችሎት ሲሆን፣ ወደዚያ የሚያደርሰውም ቃል «ይግባኝ» ነው። የሕግ ቃላችን አብዛኛው ስም ሆኖ ሲኖር፣ ይህ አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ ልመናውን ሳይለቅ ግሥ እንደ ሆነ ኖሯል፤ ጕዳዬ ይግባልኝ፣ ወደ ላይ ይድረስልኝ ማለት ነውና።

«ችሎት» የሚለውንም ቃል ለአፍታ ልንመለከተው ይገባል። በግእዙ «ክህለ»፣ በአማርኛው «ቻለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ ትርጕሙ መቻል፣ ኀይል ማለት ነው። ዛሬ ዳኞች ለፍርድ የሚሰየሙበትን ጉባኤ ይጠራበታል። ግሡም ከስሙ ጋር ሄዶ «ፍርድ ቤቱ በወር አንድ ጊዜ በዚህ ከተማ ያስችላል» እንላለን። ሌሎች ቋንቋዎች ፍርድ ቤት ይቀመጣል ሲሉ፣ አማርኛ ያስችላል ይላል። እንግዲህ የዳኝነት ሥልጣን ምን እንደ ሆነ የሚነግረን ቃል ከውጭ ሕግ ሳይመጣ አስቀድሞ በቋንቋው ውስጥ ነበረ፤ ያለ መቻል ችሎት የለም። ይህን የምናነሣው ለመመካት አይደለም። በኋላ የመጡት የሕግ ረቂቆች ይህን ቃል ትተው «ሥልጣን»ን ሲመርጡ ምን እንዳተረፉና ምን እንዳጐደሉ ለማየት ስለሚረዳን ነው።

በመጋቢት 1934 ዓ.ም. የወጣው የነጋሪት ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም ከያዛቸው ሕጎች አንዱ የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 2 ነበር። አዋጁ ዳኝነቱን ከአገር ገዥነት ለይቶ በደረጃ ለማቆም የሞከረ ስለ ሆነ፣ ለፍርድ ቤቶቻችን ስያሜ ታሪክ መነሻ አድርገን እንወስደዋለን። ከላይ የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያም የጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤት፣ በታችም ከጠቅላይ ግዛት ያነሱት ግዛቶች ፍርድ ቤቶች ተሰለፉ። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም ነበርና፣ ለእያንዳንዱ ስም በሌላው ዓምድ አቻ ቃል ማግኘት ግድ ሆነ። ለከፍተኛው «ሃይ ኮርት»፣ ለጠቅላዩ «ሱፕሪም» ተባለ። ለጠቅላይ ግዛቱ «ፕሮቪንሻል»፣ ከርሱ በታች ላሉትም «ሪጅናል» እና «ኮሚዩናል» የሚሉት ቃላት ተመደቡ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ1934 እንግሊዝኛ «ሪጅናል» የተባለው ፍርድ ቤት ከጠቅላይ ግዛት በታች ያለው ነው። ዛሬ ግን ይኸው የእንግሊዝኛ ቃል በዕለታዊ ንግግርም ሆነ በብዙ ጽሑፍ ለክልል የሚነገር ሆኗል። ክልል ደግሞ የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው የፌዴሬሽኑ አባል መንግሥት ነው። ስለዚህ ያን ዘመን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «የክልል ፍርድ ቤት» ብሎ ቢጽፍ፣ አንድን አነስተኛ ፍርድ ቤት በሁለት ደረጃ ከፍ ከማድረጉም በላይ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በተፈጠረ አስተዳደር ውስጥ ያኖረዋል። ቃሉ ትክክል ነው፣ ዘመኑ ግን ስሕተት ነው። ይህን የመሰለ ስሕተት በማንኛውም ባለ ሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አይታረምም፤ መዝገበ ቃላቱ ዘመን የማይጽፍ ከሆነ ራሱ የስሕተቱ ምንጭ ይሆናል።

አማርኛው ዓምድም ከችግር ነጻ አልነበረም። «ጠቅላይ» የሚለው ቃል በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ቦታ ገብቷል። የላይኛው ፍርድ ቤት ጠቅላይ ተባለ፣ ሁሉን የሚጠቀልል ነውና። ሦስተኛውም በጠቅላይ ግዛት ስም ተጠራ፣ ግዛቱ ብዙ አውራጃ የሚጠቀልል ነውና። በመጀመሪያው ላይ «ጠቅላይ» የፍርድ ቤቱ ማዕርግ ነው፤ በሁለተኛው ላይ የመሬቱ ቅጽል ነው። «ግዛት» የምትለው ቃል ከመካከል ከወደቀች አንድ የክፍለ አገር ፍርድ ቤት ከላይኛው ፍርድ ቤት ጋር ይተካከላል። የዚያን ዘመን አቤቱታዎችና የዳኝነት ደብዳቤዎች ለሚተረጕሙ ሁሉ ምክራችን አንድ ነው፤ «ጠቅላይ» የሚል ቃል ሲያጋጥም ቀጥሎ የመጣውን ስም ሳያዩ አይለፉ።

ከነዚህ ሁሉ በታች ሌላ ዳኛ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 የወጣው የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ቍጥር 90 ለአጥቢያው ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክርና እስከ 15 ብር መቀጮ የሚያስቀጣ ጥፋት እንዲያይ ሥልጣን ሰጠው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ስድብን፣ ቀላል እጅ እልፊትንና ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን ለርሱ ተወለት። ገንዘቡ ጥቂት ይምሰል እንጂ፣ ለብዙው ሕዝብ የመንግሥት ዳኝነት ማለት ይህ ሰው ነበር። በስያሜው ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ሕጉ «አጥቢያ ዳኛ» አለ እንጂ «የአጥቢያ ፍርድ ቤት» አላለም። አሮጌው አሰያየም፣ በቦታው ሳይሆን በሰውዬው መጥራት፣ በታችኛው ደረጃ ላይ ገና ሕያው ነበር። የዚህ ዳኛ ስም ሲተረጐም ፍርድ ቤት አድርጎ መጻፍ በዘመኑ ያልነበረን መሥሪያ ቤት መፍጠር ነው።

የሕጎቹ ዘመን፣ ማለትም ከ1949 እስከ 1958 ያለው፣ ለሕግ አማርኛ እጅግ ለም ጊዜ ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ በፈረንሳይኛ ተረቀቁ፤ አርቃቂዎቻቸውም ዣን ግራቨንና ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን የተዘጋጀው በአገር ውስጥ ሲሆን ከህንድ ሕግ ብዙ ወስዷል። ሁለት የሕግ ወንዞች በአንድ የአማርኛ ገደል ወረዱ ማለት ነው፤ ድብልቁም እስከ ዛሬ አልጠራም።

በዚህ መካከል፣ በ1962 እ.ኤ.አ.፣ የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቍጥር 195 የጠቅላይ ግዛቱን ፍርድ ቤት ከመሰላሉ አወጣው። ወረዳ፣ አውራጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት የሚሉት አራቱ ደረጃዎች ቀሩ። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሥራቸውን በገንዘብ መጠን አካፈለ። የወረዳው ፍርድ ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት የማይነካውን ክርክር እስከ 500 ብር፣ የሚነካውን እስከ 1,000 ብር ያያል። የአውራጃው ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ዓይነት እስከ 5,000 ብር፣ ሁለተኛውን እስከ 10,000 ብር ያያል። ከዚያ የሚበልጠው፣ እንዲሁም የገንዘቡ መጠን ምንም ይሁን ምን የማኅበር መቋቋምና መፍረስ፣ ኪሳራ፣ የባሕር ንግድ፣ የኢንሹራንስ፣ የዜግነትና እነዚህን የመሰሉ ጕዳዮች ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። እንግዲህ በመጠን ያለው የመሬት ክርክር፣ የእርሻ ድንበር፣ የቤት ሽያጭ፣ የብድርና የውርስ ጕዳይ የሚሟገትበት ዋናው አደባባይ የአውራጃው ፍርድ ቤት ነበር። ከወረዳው የሚመጣውን ይግባኝም ያዳምጥ ነበርና፣ በአንድ በኩል ሲታይ ክስ የሚጀመርበት፣ በሌላ በኩል ሲታይ ይግባኝ የሚሰማበት ነው።

ለተርጓሚዎች ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን የእነዚህ ሕጎች እንግሊዝኛ ገጽ ነው። በ1934 «ሪጅናል» እና «ኮሚዩናል» ይል የነበረው የሕግ እንግሊዝኛ፣ በ1954ቱና በ1958ቱ ሕጎች ላይ ያን ትቶ «አውራጃ ግዛት ኮርት»፣ «ወረዳ ግዛት ኮርት» ብሎ አማርኛውን ስም በላቲን ፊደል ጽፎታል። «ሃይ ኮርት» እና «ሱፕሪም» ግን ተተርጕመው እንደ ነበሩ ቀሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ የመሬት ስም ከመተርጐም ወደ መጻፍ ተዛወረ፤ የማዕርግ ስም በትርጕሙ ጸና። አርቃቂዎቹ ይህን እንደ ደንብ ጽፈው አልተዉልንም። ከሥራቸው ግን ደንቡ ይነበባል፤ ማዕርግ ይተረጐማል፣ መሬት ይጻፋል። እኛ የተሻለ ደንብ አላገኘንም።

አሁን ወደ «ሥልጣን» እንምጣ። እንግሊዝኛው «ጁሪስዲክሽን»፣ ፈረንሳይኛው «ኮምፔታንስ» የሚሉትን አማርኛው በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ሥልጣን» አላቸው። «ሥልጣን» ሰፊ ቃል ነው፤ የንጉሥም፣ የሹምም፣ የካህንም ሥልጣን አለ። ስለዚህ የሕግ ጸሐፊዎች «የዳኝነት» የሚል ዘርፍ ጨመሩለትና «የዳኝነት ሥልጣን» የሚለው ስያሜ ተገኘ። ይሁን እንጂ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ብቻ ሳይሆን የተለያዩ ሥልጣኖችን ይናገራል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በጠቅላላው ጕዳዩን ለማየት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ቀጥሎ ከደረጃዎቹ የትኛው ነው የሚለው ይመጣል፤ ይህም «የሥረ ነገር ሥልጣን» ይባላል። መጨረሻም በዚያ ደረጃ ካሉት መካከል በየትኛው ቦታ ያለው ነው የሚለው ይጠየቃል፤ ይህን አንዳንዶች «የግዛት»፣ ሌሎች «የቦታ»፣ ሌሎችም «የአካባቢ ሥልጣን» ይሉታል።

«ሥረ ነገር» ከሕግ አማርኛ ፍሬዎች ሁሉ እጅግ የተሳካው ይመስለናል። የውጭው ቃል ስለ ቍሳቍስ የሚናገር በሚመስልበት ቦታ፣ አማርኛው የነገሩን ሥር ይዞ መጣ። ክርክሩ ከምን በቀለ፣ ምን ያህል ዋጋ አለው፣ የትኛው ሕግ ይነካዋል የሚለው ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ይገኛል። ችግሩ «ሥር» ሌላም ሥራ ስላለው ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስለ በታቹ ሲናገር «የሥር ፍርድ ቤት» ይላል። እዚህ ላይ «ሥር» ታች ማለት ነው። «የሥር ፍርድ ቤት» የደረጃ ስም አይደለም፤ ከተናጋሪው አንጻር ብቻ የሚነገር ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለጠቅላዩ የሥር ነው፣ ወረዳው ለከፍተኛው የሥር ነው። ይህን በማዕርግ ስም የተረጐመ ሰው አንባቢውን ወደ ሌለ ደረጃ ይመራዋል።

የሥረ ነገርና የቦታ ሥልጣን መለያየት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ለማሳየት የ1958ቱን ሕግ አንቀጽ 9ንና 10ን መጥቀስ ይበቃል። አንድ ፍርድ ቤት የሥረ ነገር ሥልጣን ከሌለው፣ ተከራካሪዎቹ ባይቃወሙ እንኳ ነገሩን ከመስማት መቈጠብ አለበት። የቦታ ሥልጣን ከሌለው ግን ተከሳሹ በጊዜው መቃወሚያ ካላቀረበ ዕድሉ ያልፈዋል፤ የተሰጠውም ፍርድ ፍትሕን ያላጓደለ እንደ ሆነ በዚህ ምክንያት ብቻ አይሻርም። እንግዲህ አንድ መዝገብ «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አልነበረውም» ብሎ ቢተረጐም፣ አንባቢው ፍርዱ ሊጸና የሚችል ይሁን ወይም ከሥሩ የማይቆም መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። በአንዱ ትርጕም የአባቱን ቤት የወረሰ ልጅ ቤቱን ይዞ ይኖራል፣ በሌላው ይለቃል። ዘርፉን መጣል፣ ማለትም «የሥረ ነገር» ወይም «የቦታ» የሚለውን አሳጥሮ «ሥልጣን» ብቻ ማለት፣ በዕለታዊ አነጋገር የሚፈቀድ በጽሑፍ ትርጕም ግን የማይፈቀድ ነገር ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ፈረንሳይኛው «ኮምፔታንስ» ሌላ ወጥመድ አለው። በዚያ ቋንቋ ሥልጣንንም ብቃትንም ያመለክታል፤ የእንግሊዝኛው «ኮምፒተንት ኮርት» እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በተተረጐሙ ውሎች ላይ «ብቃት ያለው ፍርድ ቤት» የሚል አልፎ አልፎ ይታያል፤ ብቃት የሌለውም ፍርድ ቤት አለ እንደ ማለት! «ችሎታ» የሚለውን ለመጠቀም ያሰበም ቢኖር መንገዱ ተዘግቶበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «ችሎታ»ን ሰው ውል ለመዋዋል፣ ንብረቱን ለማስተዳደር ያለውን መብት አድርጎ ወስዶታልና። በአንድ ሥር የበቀሉት ሁለቱ ቃላት እንዲህ ተከፋፈሉ፤ «ችሎታ» ለባለ ጕዳዩ፣ «ችሎት» ለዳኛው ሆነ፤ የዳኛው መቻል ግን «ሥልጣን» ተባለ። በዚሁ ሕግ አማርኛው «ዳኞች ይወስናሉ» በሚልበት ቦታ እንግሊዝኛው ፍርድ ቤቱ የሚል ሆኖ ይገኛል፤ አማርኛው የፈረንሳይኛውን ረቂቅ ተከትሎ ሰዎቹን ጠርቷልና። እዚህ «ዳኞች» ብዙ ቍጥር ስለ ሆነ ብቻ ጕዳዩ በብዙ ዳኞች ጉባኤ እንዲታይ የታዘዘ አድርጎ መተርጐም ትክክል አይደለም።

የአብዮቱ ዘመን ለታችኛው ዳኝነት አሮጌ ቃል መረጠ። በ1967 የወጡት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ አዋጆች፣ ቍጥር 31 እና ቍጥር 47፣ በገበሬ ማኅበራትና በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ውስጥ የፍርድ ሸንጎዎች እንዲቋቋሙ አደረጉ። ጠቅላይ ግዛትም ክፍለ ሀገር ተባለ። «ሸንጎ» ሕዝብ የሚያውቀው ቃል ስለ ነበረ ምርጫው መልካም ነበር። ነገር ግን በ1979ኙ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ከፍተኛ የሕግ አውጪ አካል «ብሔራዊ ሸንጎ» ሲባል፣ አንዱ ቃል የመንደሩን ዳኝነትና የአገሩን ምክር ቤት በአንድነት ተሸከመ። የዚያን ዘመን ሰነድ የሚተረጕም ሰው «ሸንጎ»ን ያለ ዘርፉ ከቶ ሊተረጕም አይገባም።

በ1980 የወጡት አዋጆች ጠቅላይ ፍርድ ቤትን፣ ከፍተኛንና የአውራጃ ፍርድ ቤቶችን እንደ አዲስ አቋቋሙ። አውራጃው የመሬት ስም ይዞ በአዲሱ መሰላል ውስጥ የቀረ ብቸኛው ደረጃ ሆነ። «ሰበር» የሚለውም ስያሜ በዚሁ ጊዜ ወደ ሕጋችን ገባ። ፈረንሳይኛው ከመስበር ግሥ የሠራውን ስያሜ አማርኛው ቃል በቃል ወስዶታል፤ ያለወትሮው የተዋጣ የቃል በቃል ትርጕም ነው። ችሎቱ እንደ አዲስ አይሟገትም፣ የተሰጠውን የመጨረሻ ፍርድ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካገኘበት ይሰብረዋልና።

ከ1984 በኋላ የአውራጃ ስም ከመሰላሉ ወጣ፣ ክልል ገባ። ቃሉ ከ«ከለለ» የወጣ ስለ ሆነ አስቀድሞ የታጠረን፣ ወሰን የተሰጠውን ቦታ ያመለክት ነበር። የሕግ ሰዎችም «በሥልጣኑ ክልል ውስጥ» እያሉ ለዳኝነት ወሰን ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬ «የፍርድ ቤቱ የሥልጣን ክልል» የሚል ሐረግ ሲነበብ ወሰኑ ይሁን ወይም የፌዴሬሽኑ አባል መንግሥት ከዐውዱ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። «የሥልጣን ወሰን» ማለት ይሻላል ባይ ነን።

በኅዳር 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ክልሎች ጠቅላይ፣ ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች እንደሚኖሯቸው ደነገገ። ሦስቱም የማዕርግ ስሞች ናቸው፤ መሬቱ በፊታቸው በሚመጣው በክልሉ ስም ብቻ ይገለጻል። ሕዝቡና አንዳንድ የክልል ሕጎች ግን አሮጌውን ልማድ አልለቀቁም፤ የመጀመሪያ ደረጃውን «የወረዳ ፍርድ ቤት»፣ ከፍተኛውን «የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት» ሲሉ ይገኛሉ። በዚህ አንቈጣም። ባለ ጕዳይ የሚፈልገው የት እንደሚሄድ ማወቅ ነው፤ ማዕርግ ደግሞ መንገድ አያሳይም።

«የመጀመሪያ ደረጃ» የሚለው ራሱ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ስም ነው። ሁለተኛ፣ ጕዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማበትን ሥልጣን ይገልጻል። ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ነገር ግን በገንዘቡ መጠን ወይም በወንጀሉ ክብደት ወደርሱ የሚመጣውን ክስ በመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣኑ ያያል። እንግሊዝኛው ለዚህ የተለያዩ ቃላት አሉት፣ አማርኛው በ«ደረጃ» ብቻ ይሠራል። ለስሙ «የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት»፣ ለሥልጣኑ «የመጀመሪያ ደረጃ የዳኝነት ሥልጣን» የሚለውን ምሉዕ ሐረግ መጻፍ ርዝመቱ የሚያስወቅስ አይደለም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በውክልና የሚሠራው ዳኝነት ነው። በአንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ይዞ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ዳኛ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጠዋት በክልሉ ሥልጣን ከሰዓት በኋላ በፌዴራሉ ሥልጣን ሊያስችል ይችላል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ጕዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ በይግባኝ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በክልሉ ጕዳይ ላይ የሰጠው ግን በክልሉ የመጨረሻ ነው። ማኅተሙ አንድ፣ ሥልጣኑ ሁለት ነው። በ1995 በወጣው አዋጅ ቍጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በደቡብ ክልሎች እንዲቋቋም ተወስኗል፤ በመሆኑም ውክልናው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መልክ አልነበረውም። የፍርድ ግልባጭ የሚተረጕም ሰው በመግቢያው የተጠቀሰውን የሥልጣን አንቀጽ ዘሎ ወደ ፍሬ ነገሩ እንዳይሄድ የምናሳስበው ስለዚህ ነው።

ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን በራሳቸው መምረጥ ከጀመሩ ወዲህም የስያሜው ሥራ የአማርኛ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በኦሮሚያ «ማና ሙርቲ» የውሳኔ ቤት ሲሆን፣ ጠቅላዩ «ማና ሙርቲ ዋሊገላ» ይባላል። «ዋሊገላ» አጠቃላይ፣ ሁሉን ያቀፈ ማለት ስለ ሆነ፣ በ1934 አማርኛው «ጠቅላይ» ያለበት አስተሳሰብ በሌላ ቋንቋ እንደገና ተወልዷል። በእነዚህ ቋንቋዎች የተሰጡ ፍርዶች ወደ ፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት ሲቀርቡ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። በዚያ መንገድ ላይ «የሥረ ነገር ሥልጣን» የሚለው ስያሜ ሳይሸራረፍ እንዲያልፍ፣ በየቋንቋው የተመረጠለት አቻ በአንድ ሠንጠረዥ ተሰብስቦ መገኘት አለበት። ይህ ሥራ ለአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ የሚተው አይደለም።

ወደ ተነሣንበት ማኅተም እንመለስና አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ፍርድ ቤት» በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት የነበረ ነው። የዚያ አውራጃ መሬት ዛሬ ከፊሉ በኦሮሚያ፣ ከፊሉ በ2015 በተቋቋመው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክልል ይገኛል። ይህን ፍርድ ቤት በዛሬው ስም ልተካ ያለ ተርጓሚ የሚተካበት አንድ ስም አያገኝም። ቢያገኝ እንኳ፣ በ1958ቱ ሕግ የ5,000 ብር ክርክር የሚያይ የነበረው አውራጃ ከዛሬው የመጀመሪያ ደረጃ ወይም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋር በሥልጣን አይገጥምም፤ ከወረዳው ይግባኝ ስለሚሰማ ወደ ከፍተኛው ይጠጋል፣ ከፍ ያለውን ክስ መስማት ስለማይችል ወደ ታችኛው ይጠጋል።

ስለዚህ ለሕግ መዝገበ ቃላት ሥራ የምናቀርበው የአመዘጋገብ ሐሳብ የሚከተለው ነው። «አውራጃ ፍርድ ቤት» በሚለው ቃል ሥር አንድ ፍቺ ብቻ አይጻፍም። ከ1934 ጀምሮ ያለው፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. አዋጅ በኋላ ያለውና ከ1980 በኋላ ያለው በየራሳቸው ቍጥር ይለያሉ፤ በእያንዳንዱም ከበላዩና ከበታቹ የነበረው ፍርድ ቤት ይጠቀሳል። የባዕድ ቋንቋ አቻ ሲሰጥ ስሙ በፊደል ይጻፋል፣ ደረጃው በአጭር ማብራሪያ ይከተላል፣ ፍርዱ የተሰጠበት ዓመትም አብሮ ይመዘገባል። «ወረዳ ፍርድ ቤት»፣ «ጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤት»፣ «የፍርድ ሸንጎ» እና «አጥቢያ ዳኛ» በዚሁ አኳኋን ይስተናገዳሉ። ለቦታ ሥልጣን ከሦስቱ ተፎካካሪ ስያሜዎች መካከል እኛ «የቦታ ሥልጣን»ን እንመርጣለን። «ግዛት» በቀድሞዎቹ ፍርድ ቤቶች ስም ውስጥ አስቀድሞ ተይዟል፤ «አካባቢ» ደግሞ በ1979ኙ ሕገ መንግሥት ለአስተዳደር አካባቢ ያገለገለ ስለ ሆነ፣ ሁለቱም በአሮጌ መዝገብ ላይ ሌላ ነገር ሊመስሉ ይችላሉ። «ቦታ» ግን የየትኛውም ዘመን አስተዳደር ስም ሆኖ አያውቅም።